«ትክክል ነው!» ያልኩሽ ዕለት

ውድ እህቴ፣

አባዬ «ድንቢጥ» እያለ ነው የሚጠራሽ። እኔ በዚህ ስም አንድም ቀን ጠርቼሽ አላውቅም፤ አስተውለሽው ይሆን? ልጆች ሆነን «አንቺ» ነበር የምልሽ። የመሬት ቅየሳ ተምረሽ ሥራ ከያዝሽ ወዲህ ደግሞ «ቀያሿ» ማለት ጀመርኩ። ድንቢጥ የሚለው ስም ከአፌ አልወጣ ያለኝ ለምን እንደሆነ ዛሬ ልንገርሽ። ቀንቼብሽ ነው። ከዚህ የከፋም የምነግርሽ ነገር አለ፤ እባክሽ እስከ መጨረሻው ሳታነቢው እንዳትቀጂው።

እማዬ ስታርፍ አንቺ አሥር ዓመትሽ ነበር፣ እኔ አሥራ ስድስት። ማንም ሥራ አልመደበልንም፤ ብቻ እኔ ወጥ ቤት ገባሁ፣ አንቺ አባዬ በሪሞት የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ወደሚሠራበት ዕቃ ቤት ገባሽ። ከጋራዥ ተመልሶ እጁን እንኳ በቅጡ ሳይታጠብ ወደዚያ ነበር የሚያመራው። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ የሁለታችሁ ሳቅ በግድግዳው በኩል ይመጣል። በሩን ገፋ አድርጌ «ራት ቀርቧል» ስል፣ ጣታችሁ በሙጫ እንደተለወሰ ሁለታችሁም እኩል ቀና ትሉና ቤት እንደተሳሳተ ሰው ታዩኛላችሁ። አባዬ «መጣን፣ የቤቴ ምሰሶ!» ይለኛል። ማሞገሱ ነበር። ግን እስቲ አስቢው፤ አንቺን በወፍ ስም፣ እኔን በእንጨት ስም! ምሰሶ ደግሞ ከቆመበት አይነቃነቅም።

እሁድ እሁድ ሜዳ ስንሄድ ውሃና ዳቦ የምሸከመው እኔ ነበርኩ። አንቺ ሪሞቱን ይዘሽ አውሮፕላኑን ስታስነሺ ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ ያያል። አባዬ ግን አንቺን ነበር የሚያየው። እኔ ደግሞ እሱን። እንዲህ ነው ያደግነው።

ከዚያ ሥራ አግኝተሽ ሌላ ከተማ ሄድሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አውቶቡስሽ ሲነሳ እጄን እያውለበለብኩ ውስጤ ተንፈስ አለ። አሁን ተራው የኔ ነው አልኩ። ግን አባዬ ዕቃ ቤቱን ቆለፈው። የዓይኑ ሞራ እየከበደ፣ እጁም መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ከስፌት ቤት ስመለስ ሬዲዮ አጠገብ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ። «ድንቢጥ ደወለች?» ይለኛል። «ደህና ዋልሽ» እንኳ ሳይል።

አንድ ቀን ቤት ስገባ ረጅም ካርቶን ኮሪደሩን ዘግቶት አገኘሁ። ተገጣጥሞ የሚሠራ ትልቅ አውሮፕላን አስመጥቶ ነው፤ ሁለቱ ክንፎች ሲገጠሙ ከኔ ቁመት ይበልጣሉ። አባዬ ካርቶኑን በመዳፉ እየዳበሰ «ጥቃቅኑን ዓይኔ አላይልኝ አለ። ትረጂኛለሽ?» አለኝ። ወደዚያ ክፍል ስጠራ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር።

አራት ወር ሠራን። እንጨቱ በእጅ ሲይዙት ያለ አይመስልም፣ እንደ ወረቀት ነው የሚቀለው። የክንፉን አጥንቶች በንድፉ ላይ አንድ በአንድ እየደረደርኩ፣ በስፒል እየያዝኩ፣ በጠብታ ሙጫ አጣበቅኳቸው። አባዬ በጣቱ እየዳሰሰ «ይቺ ትንሽ ወጣ ብላለች» ይለኛል፤ በብርጭቆ ወረቀት እሞርዳታለሁ። ሲያልቅ በስሱ ላስቲክ መሸፈን መጣ። እሱን የሚያጣብቀው ካውያ ነው። ካውያ ደግሞ እንጀራዬ ነው፤ ከጋለ ላስቲኩን ያቀልጠዋል፣ ከቀዘቀዘ አይይዝም፣ እጅ ነው የሚያውቀው። አባዬ ክንፉን ከዳር እስከ ዳር ዳበሰና «ድንቢጥ እንኳ እንዲህ አድርጋ ሸፍና አታውቅም» አለ። ያቺን አንድ ቃል ሳምንት ሙሉ እንደ ከረሜላ ሳላላምጣት ሰነበትኩ።

ሁሉንም አስተማረኝ። መጀመሪያ ሪሞቱ ይበራል፣ ቀጥሎ ባትሪው ይገጠማል፤ ሲያበቃ መጀመሪያ ባትሪው ይነቀላል፣ ሪሞቱ መጨረሻ ይጠፋል። ባትሪው ከተገጠመ በኋላ እጅ ወደ ፕሮፔለሩ አይቀርብም። «አሻንጉሊት እንዳይመስልሽ፣ ጣት ቆርጦ ይወስዳል» ይለኛል። ሚዛኑን ለመለካት ክንፎቹን ከሥር በሁለት ጣት ጫፍ አነሳን፤ ጭራው ከበደ፤ ባትሪውን ወደ አፍንጫው ገፋ አድርገን አስተካከልነው። ከክንፎቹ የኋላ ጠርዝ ላይ የሚታጠፉትንና የሚዘረጉትን ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች አባዬ «ጆሮ» ይላቸዋል። «በሪሞቱ ቀኝ ስትዪው የቀኙ ጆሮ ይነሳል፣ የግራው ይወርዳል። ይሄን ሳታይ አውሮፕላን አታስነሺ» አለኝ። አስምሪበት፤ ይህን አውቅ ነበር። ደጋግሞ ነግሮኛል።

ጠዋት ጠዋት፣ እሱ ሳይነሳ፣ ባትሪ የሌለውን ሪሞት ይዤ ጣቴን አለማምድ ነበር። እኔ እንደማስነሳው እርግጠኛ ነበርኩ። የመጨረሻውን የጭራ ሽፋን ስተኩስ ነው አባዬ እንደ ቀልድ «ለድንቢጥ ደወልኩላት፣ እሁድ መጥታ ታስነሳዋለች» ያለኝ።

«እኔስ?» አልኩት።

«አንቺማ አጠገቧ ትቆሚያለሽ!» አለ፣ ትልቅ ሹመት እንደሰጠኝ ሁሉ።

ፈገግ አልኩና ካውያውን ነቀልኩ።

ቅዳሜ መጣሽ። ገና በር ላይ አንገቴ ላይ ተጠመጠምሽ። ክንፉን ስታዪ «እትዬ፣ ይሄን አንቺ ነሽ የሸፈንሽው? በናትሽ! ከዚህ በኋላ እኔ ካውያ አልነካም» አልሽኝ። ከልብሽ ነበር። እኔ ግን የምትሳለቂብኝ መሰለኝ። የሰው ጆሮ ሲቀና ምስጋናንም እንደ ስድብ ነው የሚሰማው። ከሰዓት ከአባዬ ጋር ቁጭ ብለሽ አውሮፕላኑን ከራስሽ ሪሞት ጋር አገናኘሽው፤ እጅሽ የለመደው እሱን ስለሆነ። ለአራት ወር የተለማመድኩበት ሪሞት መሳቢያ ውስጥ ገባ።

እሁድ ጠዋት ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ከኛ ሌላ ሰው አልነበረም። ነፋሱ ልከኛ ነበር። አባዬ በኖራ ከተሰመረው መስመር ኋላ ተጣጣፊ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አንቺ ሪሞቱ ከሩቅ መሥራቱን ለመፈተሽ ሠላሳ እርምጃ ቆጥረሽ ሄድሽ፤ እኔ አውሮፕላኑ ኋላ ተንበረከክሁ። ከዚያ ርቀት ጆሮዎቹ እንደማይታዩሽ አውቃለሁ። ዓይንሽ እኔ ነበርኩ።

«ጭራ ወደ ላይ!» አልሽ።

«ትክክል ነው!» አልኩ። እውነትም ትክክል ነበር።

«ቀኝ!»

የቀኙ ጆሮ ወደ ታች ወረደ።

ክው አልኩ። አየሁት። ዓይኔ እያየ ነው የወረደው። ተሳስተሻል፤ አንቺ፣ የማትሳሳቺው! አንዳች ደስታ ደረቴን ሞላው፤ እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ ደስታ ነበር። ትንሽ ተንገዳግዶ ይውረድባት፣ አባዬ ፊት አንዴ ትፈር፣ ከዚያ ታስተካክለዋለች አልኩ በልቤ። አፌን ሞልቼም ጮህኩልሽ፤

«ትክክል ነው!»

የቀረውን ታውቂዋለሽ፤ ግን ያንቺን በኩል ብቻ ነው የምታውቂው። ሲነሳ እንዴት ያምር ነበር! ከዚያ ነፋስ ወደ ግራ ገፋው፤ አንቺ ልትመልሺው ቀኝ ሰጠሽው፤ እሱ ይብሱን ወደ ግራ ተገለበጠና አፍንጫውን ደፍቶ ወደ መስመሩ መጣ። አባዬ ዓይኑ ስላልያዘለት ድምፁን ለመስማት ከወንበሩ ተነስቶ ነበር። «አባዬ ተኛ!» ብለሽ ስትጮሂና ሞተሩን ስታጠፊ አየሁሽ። ሞተሩን ባታጠፊው ኖሮ ፕሮፔለሩ አባዬን በገደለው ነበር። ክንፉ ትከሻውን መታው። እኔ በእጄ የሸፈንኩት ክንፍ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ አጥንቱን ሲገጥሙለት፣ ሪሞቱን ከፍተሽ አየሽና ፊትሽ አመድ መሰለ። «የድሮውን አውሮፕላን ማስተካከያ ሳልለውጥ ነው ያስነሳሁት፤ ጆሮው በተቃራኒ ነው የሚሠራው» አልሽ። ከዚያ ቀና ብለሽ «ግን እትዬ፣ ስጠይቅሽ እኮ...» አልሽ። ያኔ ልናገር ይገባኝ ነበር። በሩን ከፍተሽልኝ ነበር።

«እኔ ስለዚህ ነገር ምን አውቃለሁ? ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ትክክል ነው አልኩ» አልኩሽ።

«እውነትሽን ነው። አንቺ ምን ታውቂያለሽ። የኔ ጥፋት ነው» ብለሽ ጉልበቴ ላይ ተደፍተሽ አለቀስሽ። እኔም ጠጉርሽን እየዳበስኩ «በቃ ይሁን፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አልኩሽ። እንዲህም ብዬሻለሁ! ይህ ከሜዳው ውሸቴ ይብሳል። በሜዳው ላይ ቅናት አሰክሮኝ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ግን ሰክሬ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆነው፤ አንድም ቀን አልመጣሽም። ስትደውዪ «ትከሻው እንዴት ነው?» ትያለሽ፣ ቶሎ ትዘጊያለሽ። ሪሞትሽንም ለሰው እንደሰጠሽ ለአባዬ ነገርሽው። ያን ቀን ራት አልበላም።

እኔ ግን የፈለግሁትን አገኘሁ። አባዬ የዓይኑን ሞራ ካስወጣ በኋላ አውሮፕላኑን አብረን ጠገንነው። በትንሽ የፎም አውሮፕላን ወራት ሙሉ አለማመደኝ። ኋላዬ ቆሞ «ቀስ፣ ቀስ በዪ፣ ጣትሽን አትጫኚው፣ ወደ ሰው በኩል አታዙሪው» ሲለኝ ድምፁ ጆሮዬ ሥር ነበር። ለዚህች ድምፅ ስንት ዓመት ቀንቻለሁ! ሆኖም በየመሀሉ «ድንቢጥ እዚህ ጋ እንዲህ ነበር የምታደርገው» ይላል።

ባለፈው ወር ትልቁን ልናስነሳ ወጣን። በዚህ ጊዜ ሠላሳ እርምጃ የራቅሁት እኔ ነበርኩ፤ አውሮፕላኑ ኋላ የተንበረከከው አባዬ።

«ቀኝ!» አልኩ።

አባዬ ፊቱን ክንፉን እስኪነካ ድረስ ዝቅ አደረገ። በዓይኑ አላመነም፤ ጆሮውን በጣቱ ዳሰሰው። ጊዜ ወሰደ። ከዚያ አደጋው ወዲህ በቅጡ የማይነሳለትን ክንዱን የቻለውን ያህል አንስቶ «ወደ ላይ! ትክክል ነው ልጄ!» አለኝ።

«ባትሪውን ንቀለው» አልኩት። ሲነቅለው ሪሞቱን አጠፋሁና ሄጄ እዚያው ሣሩ ላይ ሁሉንም ነገርኩት።

«አይተሽ ነበር?» አለኝ።

«አይቼ ነበር።»

«ወደ ታች ሲወርድ?»

«ወደ ታች ሲወርድ።»

ክንፉን ፈታን፣ ጭነን ተመለስን። ሦስት ቀን አላናገረኝም። የሠራሁትን ይበላል፣ ሳህኑን ራሱ ያጥባል፣ ይገባል። በአራተኛው ቀን ልብስ ስተኩስ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ለእኔ ነግረሽ ምን ይረባል? የኔ ትከሻ ገጥሟል» አለኝ። «በሰው ጥፋት ሁለት ዓመት የተቀጣችው እሷ ናት። ጻፊላት።»

«እሺ» አልኩ።

አልሄደም። በሩን እንደያዘ «እኔም ብሆን... ‹ራት ቀርቧል› ብለሽ በሩን ስትከፍቺ፣ አንድ ቀን እንኳ ግቢ ብዬሽ አላውቅም» አለ። ከዚያ ሄደ። ይህን የጻፍኩልሽ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። እጄን ይዞ ያስዋሸኝ ሰው የለም።

እንግዲህ እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም። ማስተካከያ መርሳት የማንም ነው፤ ለዚያ ነው ከአውሮፕላኑ ኋላ ሰው የሚቆመው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ፣ አይቼ ዋሸሁሽ። ኮሪደሩ ላይ ይቅር ብዬሻለሁ ያልኩሽንም እወስደዋለሁ፤ መጀመሪያውኑ የምሰጥሽ ይቅርታ አልነበረኝም። ያንቺን ይቅርታ ደግሞ በደብዳቤ አልለምንም። ከፈለግሽ ፊቴ ቆመሽ የምትዪኝን በዪኝ። አንገቴን ደፍቼ እሰማሻለሁ።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ ሌላ ውሸት አልጨምርብሽም። «ጻፊላት» ሲለኝ እንኳ ድምፁ ላንቺ ሲሳሳ ሰምቼ ውስጤ ቆንጠጥ አድርጎኛል። ከአውቶቡስ ስትወርጂ እሱ በዚያ ትከሻው ሻንጣሽን ልሸከም እያለ ሲሟገትሽ፣ እኔ ዳር ቆሜ መቅናቴ አይቀርም።

ልቅና። አንቺ ብቻ ነይ።

ያጠፋችብሽ ታላቅ እህትሽ