በእናቴ ድምፅ የነገርሽኝ

ውድ አክስቴ ባትማ፤

የኦምስክ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ልጅሽ ፎቅ ላይ እንደሚኖር፣ አንቺም ከቤት እንደማትወጪ አባቴ ነግሮኛል። ላም በሌለበት ቤት ጠዋት ተነሥተሽ ምን እንደምትሠሪ ማሰብ ያቅተኛል። አድራሻሽን የሰጠኝ እሱ ነው። «ጻፊላት፤ ሴትዮዋ እዚያ ሄዳ በቁሟ እያለቀች ነው» አለኝ።

የምጽፍልሽ ግን ጤናሽን ለመጠየቅ ብቻ አይደለም። አንድ የምለምንሽ ነገር አለ። ከዚያ በፊት ነገሩ በእኔ በኩል እንዴት እንደነበር ልንገርሽ። በአንቺ በኩል የነበረውን በረት ውስጥ ነግረሽኛል። የእኔን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ወደ አንካራ የሄድኩት የከብት ሐኪም ልሆን ነበር። ሶቪየት ፈርሶ፣ የጋራ እርሻው ከብት ተከፋፍሎ፣ የአባቴ ደመወዝ በዱቄት በሚከፈልበት ዘመን ቱርኮቹ ለተማሪ በር ሲከፍቱ ከመንደራችን ከአት-ባሺ የእኔ ስም ወጣ። እናቴ በአውቶቡሱ መስኮት አንድ ከረጢት ደረቅ የእርጎ እንክብል አቀበለችኝና «ጨርሺው» አለችኝ። ትምህርቱን ይሁን እንክብሉን አልገባኝም። እህትሽ ዙራ እንዲህ ነበረች፤ ከአፏ ቃል የሚወጣው እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው። አንቺና እሷ ድምፃችሁ አንድ ነበር። አባቴ እንኳ ከግድግዳ ማዶ ሲሰማችሁ «ማናችሁ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። አንቺም ብትሆኚ ወሬኛ አልነበርሽም። ከላሞች በቀር ስለ ሌላ ነገር ስትናገሪ ሰምቼሽ አላውቅም።

በየወሩ አንድ ቅዳሜ ወደ መንደሩ ፖስታ ቤት እደውል ነበር። መስመሩ እንደ ወንዝ ይጮኻል።

«በልተሻል?» ትለኛለች እናቴ።

«በልቻለሁ።»

«አይበርድሽም?»

«አይበርደኝም።»

«በይ ዝጊው፤ ገንዘብ ይበላል።»

ይኸው ነበር የእናትና ልጅ ጨዋታ። ከስልክ ክፍሉ ወጥቼ እስከ ማደሪያችን ድረስ እያለቀስኩ እሄድ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር፣ እናቴ ሞተች። መኪና ተለምኖ፣ ለመኪናው ነዳጅ እስኪፈለግ ድረስ ሆዷ ውስጥ የፈነዳው ነገር ጨርሷት ነበር። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡና መከሩ። «ብንነግራት ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች፤ ከመጣች ደግሞ መመለሻ የላትም። ሟች ራሷ ትጨርስ ብላለች» ተባለ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። እኔ የማውቀው በየካቲት እንደ ልማዴ መደወሌን ነው።

«እማዬ?» አልኩ።

ስልኩን በእሷ ቦታ የያዝሽው አንቺ ነበርሽ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር።

«አዎ» አልሽ።

«ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ጉንፋን ነው። በልተሻል?»

እንዲህ እንዲህ እያልን ጥቂት ወራት ሄዱ። በፀደዩ ግን ታመምኩ። ትኩሳት ይዞኝ፣ ከሰው ተለይቼ፣ በባዕድ ቋንቋ የላም አጥንት ስም ስሸመድድ ከርሜ ልቤ ተቆረጠ። ስደውል ገና ድምፅሽን ስሰማ አለቀስኩ። «እማዬ፣ አትዝጊው። አንድ ነገር ንገሪኝ። ምንም ይሁን ምን። ልጅ ሳለሽ የሆነውን ንገሪኝ።»

በረጅሙ ተነፈስሽ። ከዚያ የጥጃውን ነገር ነገርሽኝ፤ የናሪን ወንዝ በረዶ ከእግርሽ ሥር ሲሰነጠቅ ጥጃውን አቅፈሽ እንዴት እንደተሻገርሽ፣ አባትሽ ማዶ ቆሞ «ጥጃውን! ጥጃውን!» እያለ እንጂ «ልጄን!» ብሎ እንዳልጮኸ። በሳቅ ሞትኩ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ነገርሽኝ። በሚቀጥለውም ሌላ።

«ምን ነካሽ እማዬ? ድሮ ቃል አይወጣሽም ነበር እኮ» ብዬ ቀለድኩብሽ።

«ፊት ለፊት ዓይነ አፋር ነኛ» አልሽኝ።

የቋንቋ መምህሬ ፌሪዴ ስለ አንድ ሰው ጻፉ ስትለን የጥጃውን ታሪክ ጻፍኩ። ቱርክኛዬ ገና ስላልበሰለ ማስጌጥ አልችልም፤ የሰማሁትን በአጭር በአጭሩ አስቀመጥኩት። ኋላ ተቺዎች «የራሷ ስልት» ያሉት ይኸው የቃል ድህነት ነበር። በኪርጊዝኛ ብጽፈው ኖሮ በማር በወተት ለውሼ አበላሸው ነበር። ፌሪዴ አንብባ መነጽሯን አወለቀች።

«ይህች ሴት ማን ናት?»

«እናቴ።»

«የከብት ሐኪም አይጠፋም፤ ሌላ ሰው ይሁን። አንቺ ይህችን ሴት አዳምጪ» አለችኝ።

ወደ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ተዛወርኩ። በየወሩ የነገርሽኝን እጽፋለሁ፤ መጽሔቶች ያትሙታል። ሕይወቴ በሙሉ በዚያ ስልክ በኩል መንገዱን ቀየረ። አንድ ቅዳሜ ስለ ሕፃኑ ነገርሽኝ። ከእኔ በፊት ወንድ ልጅ እንደነበረሽ፤ ላሞቹ በሚወልዱበት ሰሞን ቀንና ሌሊት ስትሠሪ ሰንብተሽ፣ ጡትሽን እንዳጎረስሽው እንቅልፍ እንደጣለሽ፤ ስትነቂ ከሥርሽ በርዶ እንዳገኘሽው። «ለሰው ትኩሳት ነው አልኩ። ቀበርኩትና ላም ላልብ ሄድኩ። ላም አዝኛለሁ ቢሏት ወተቷን አትይዝልሽም» አልሽኝ። የስልክ ክፍሉ ውስጥ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች በሩን ይደበድቡ ነበር። ኋላ በቱርክኛ የወጣው መጽሐፌ የቆመው በዚያ ታሪክ ላይ ነው። ያገኘው ሽልማትም፣ እኔ ያገኘሁት ሥራም።

ትምህርቴን ጨርሼ፣ መጽሐፉን በሻንጣዬ ይዤ መጣሁ። ደጃፋችን በሰው ተሞልቶ ሳየው የደስታ ድግስ መስሎኝ ከመኪናው እየሳቅኩ ወረድኩ። ያን ሳቄን ዛሬም ስሰማው ያመኛል። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው መርዶውን ነገሩኝ።

«መቼ?» አልኩ።

«ካቻምና፣ በጥር» አሉ።

«ባለፈው ወር አነጋግሬያታለሁ እኮ!»

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ከሕዝቡ መሀል የእናቴ ድምፅ «ካሊፓዬ» አለ። ዞርኩ። አንቺ ነበርሽ።

ሴቶቹ አስገብተው በወጋችን መሠረት ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርገው አስቀመጡኝ። ልጅ ካላለቀሰች፣ ለእናቷ ሙሾ ካላወረደች፣ ሟች አልተሸኘችም። አንቺ ከጎኔ ነበርሽ። አፌን ስከፍት የማውቃት እናቴ፣ የጻፍኳት እናቴ መጣችልኝ፦

ወንዙ ሲሰነጠቅ ጥጃ አቅፈሽ የወጣሽ፣
በኩርሽን ቀብረሽ ላም ልታልቢ የመጣሽ…

የሴቶቹ ለቅሶ ባንዴ ቆመ። ሁሉም ወደ አንቺ ዞሩ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም፤ ቀጠልኩ። አባቴ ከበሩ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተይ ልጄ» አለ። «ዙራ በኩር አልቀበረችም። በኩሯ አንቺ ነሽ።»

አንቺ ሻርፕሽን አፍሽ ውስጥ ጎሰርሽ።

በማግስቱ በረት ውስጥ ስታልቢ መጣሁብሽ። ልመታሽ ሁሉ አስቤ ነበር።

«መዋሸትሽስ ይሁን» አልኩሽ። «ለምን የራስሽን ሕይወት አሸከምሻት?»

ማለብሽን አላቆምሽም። «የዙራን ቃል በሁለት ቅዳሜ ጨረስኩታ! ዝምተኛ ነበረች። አንቺ ደግሞ ንገሪኝ፣ ንገሪኝ አልሽ። ከየት አምጥቼ ልስጥሽ?»

«የሕፃኑንስ? ለሌላ ሰው ነግረሽው ታውቂያለሽ?»

«ለማንም። ለአንቺም ቢሆን እኔ አልነገርኩሽም። የነገረችሽ ዙራ ናት።» ከዚያ ባልዲውን አስቀመጥሽ። «መጀመሪያ መጀመሪያ ቅዳሜ እንዳይመጣ እጸልይ ነበር። ኋላ ግን… እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቅዳሜን መናፈቅ ጀመርኩ። እህቴ አፈር ለብሳ እኔ ሻርፔን አስተካክዬ ፖስታ ቤት እሮጣለሁ። በዕድሜዬ ንገሪኝ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም።»

 ወጣሁ። እኔ ወደ ቢሽኬክ ሄጄ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመርኩ፤ አንቺም ከብቱን ሸጠሽ ወደ ልጅሽ ሄድሽ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ገጽ አልጻፍኩም። ተማሪዎቼ «መምህር፣ እናትዎ እንዴት ያለች ሴት ነበረች?» ይሉኛል። ባለፈው መከር አባቴን ጠየቅኩት፤ ስትሞት ስለ እኔ ምን አለች ብዬ። ብዙ አሰበ። ሊዋሽልኝ እንደፈለገ ገባኝ፤ ግን አባቴ ውሸት አይችልም። «ውሃ አለች» አለኝ። «ሌላ ምንም አላለችም። ውሃ።»

ስለ እናቴ ያለኝ እውነት ይኸው ብቻ ነው። ድሮ አንቺን የምጠላሽ በዚህ ነበር፤ ለእሷ የማዝንበትን ቦታ ያዝሽብኝ ብዬ። አሁን ቁጣው አልቋል። የቀረው ግን ይቅርታ ነው ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ስሙን አላውቀውም።

ልመናዬ ይህ ነው። መጽሐፉን በኪርጊዝኛ ሊያሳትሙት ጠይቀውኛል። የትርጉሙን ሥራ ለእኔ ሰጥተውኛል። በራሳችን ቋንቋ ከወጣ አት-ባሺ ያነበዋል። በሙሾዬ ቀን የሰሙት ሕፃን መቅበርሽን ብቻ ነው፤ እሱንም ድሮ ያውቁታል። እንቅልፉን ግን አያውቁም። ትኩሳት ገደለው ብለው ያምናሉ። ያንን ገጽ ካወጣሁት መጽሐፉ ይፈርሳል፤ እዚያው ከተውኩት ደግሞ ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ማንም ይገባዋል። ልጅሽም ያነበዋል።

አይሆንም ካልሽ መጽሐፉ ማንም በማያውቅሽ አገር እንደተዘጋ ይቀራል፤ ዳግመኛም አላነሣብሽም። ይሁን ካልሽ ግን ዙራ የሚለውን ስም ከየገጹ አውጥቼ ባትማ ብዬ እጽፋለሁ። ሌላ አንድ ቃል አልነካም።

ስልክ አትደውዪልኝ። አንሥቼ ብሰማሽ «እማዬ» እላለሁ፤ አንቺም «አዎ» ማለት ያምርሻል። ጻፊልኝ። ድምፅሽ የእሷ ነው፤ የእጅ ጽሑፍሽን ግን አይቼው አላውቅም። ጎበጥ ይበል፣ ስሕተት ይኑረው፣ አንድ መስመር ብቻ ይሁን፤ ከታች ስምሽን አድርጊበት።

የእህትሽ ልጅ፣
ካሊፓ