የጠፋው የቴርሞስ ክዳንና የአባባ ጆሮ

ይድረስ ለእህቴ ለፊርዶስ፣ ጅቡቲ

የተከበርሽ እህቴ፣ አምና የላክሽልን ቀይ ቴርሞስ ክዳኑ መጥፋቱን ለመላው ቤተሰብ በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ቴርሞሱ ራሱ ግን በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛል።

አንቺስ እንዴት ነሽ? ባለቤትሽ በድሩስ? ትንሿ ኢድል ጥርስ አወጣች? ሙቀቱ እንዴት አደረጋችሁ? ከድሬ ይብሳል እያልሽ መኩራራቱን እንዳልተውሽ አምናለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን እያማረረች ከሁሉ ቀድማ ገበያ ትደርሳለች። አባባም ደህና ነው፤ ጆሮው ብቻ ትንሽ ደከም ብሏል።

ወደ ክዳኑ ልመለስ። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄ እንዳያሳጣኝ ነው፤ ወረቀት ፊቱ አይቀላም።

እንደምታውቂው የምሠራው ስለ ስብ በሚመራመር ላቦራቶሪ ነው፤ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ ፍሪጅ እጠብቃለሁ። ከዒድ ማግስት አንዲት ጣት የማታክል ብልቃጥ በበረዶ ታጅባ ከውጭ አገር መጣችልን። ውስጧ ያለው ቁንጥር ጨው የሚመስል ዱቄት "የሰው ፕሮቲን" ይባላል። ከሰው ግን አልተቀዳም፤ የአሠራሩን መመሪያ ከሰው ወስደው ለባክቴሪያ ሰጥተው፣ ባክቴሪያዋ ናት የሠራችው። አለቃችን ዶክተር የኔነሽ ይህን ደጋግማ አስረድታናለች። እኔ ነኝ ቤት ስገባ ባስረዳችኝ ልክ መናገር ያቃተኝ።

አባባን ታውቂዋለሽ፤ ከባቡር ሥራው ጡረታ ከወጣ አሥር ዓመቱ ነው፣ ዛሬም ነገር የሚገባው በሀዲድ በኩል ነው። ስለዚህ "ይሄ ፕሮቲን ማለት የጭነት ባቡር ነው፤ ስቡን ከደም ሥር ጭኖ ጉበት ጣቢያ ያራግፋል" አልኩት። እስከዚህ እውነት ነው። የድሮ የሥራ ባልደረባው ጋሽ ወልደማርያም ከጎኑ ተቀምጠው "ታዲያ መድኃኒቱ ደረሰ በለና!" ሲሉ ግን አፌ ፍሬን በጠሰ። "ደርሷል፤ ቁልፉም በእኔ እጅ ነው" አልኩ። "የማን ሰው ፕሮቲን ነው ግን?" ብለው ጠየቁኝ። ጥራቱን እንዳይጠራጠሩ "የፈረንጅ" አልኳቸው።

ለካ አባባ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ የምትልኪለትን የኮሌስትሮል ክኒን ተወ። ሁለት ወር ሙሉ! ክኒኑን ትራሱ ሥር እየደበቀ፣ ጮማውን ፊት ለፊታችን ይቆርጣል። እማማ ስትቆጣው "አቦ ተይኝ፣ ባቡሩ እየመጣ ነው" ይላታል። እኔም ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ዘበኛው ዮኒስ "ወሪያ ሁዘይፋ፣ አባትህ በር ላይ ናቸው" አለኝ። ወጣሁ። አባባ የዒድ ሸሚዙን ለብሶ፣ ያንቺን ቴርሞስ በበረዶ ሞልቶ ታቅፏል። ድርሻውን ሊወስድ ነው የመጣው። ዶክተር የኔነሽ መጥታ "አባቴ፣ ይሄ ለምርምር ብቻ ነው፤ ለሰው አይሰጥም" አለችው በአክብሮት። "የሰው ነው ተባለ እኮ፤ እኛስ ሰው አይደለንም?" አላት። "መድኃኒት ነው ያለዎት ማነው?" ስትለው ዞሮ አየኝ።

ፊርዶስ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር፤ የድሬ አሸዋ እንኳ ተጸየፈኝ። የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ አልኩ። አባባ ጉሮሮውን ጠረገና "ማንም አላለኝም፤ ጆሮዬ ደክሟል፣ አጣምሜ ሰምቼ ነው" አላት። በረዶውን ዛፍ ሥር ደፍቶ ሄደ። ክዳኑ የቀረው እዚያ ነው፤ ብፈልገው አጣሁት።

በማግስቱ ክሊኒክ ወስጄ አስመረመርኩት። ኮሌስትሮሉ ጣራ ነክቷል፤ ልቡ ግን እስካሁን ደህና ነው ብለውናል። ክኒኑን እንደገና ጀምሯል፣ ከነውኃው የማቀርብለት እኔ ነኝ። ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጆሮው ደክሟል የሚለው ወሬ ሰፈር ስለደረሰ ጋሽ ወልደማርያም ሲያናግሩት መጮህ ጀምረዋል። እሱም የእኔን ገመና ሊሸፍን እጁን ጆሮው ላይ ደግኖ "እ?" ይላቸዋል። እያንዳንዷ "እ?" እኔን ነው የምትወጋኝ።

በድሩን ሰላም በይልኝ፤ ኢድልን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። እማማ ዱዓዋን ልካለች፤ አባባ ናፍቆቱን። ጋሽ ወልደማርያምም ሰላም ብለዋል፣ ጮክ ብለው።

ወንድምሽ ሁዘይፋ
ድሬዳዋ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እርማት፦ ከላይ "የአባባ ጆሮ ደከም ብሏል" ተብሎ የተጻፈው "የአባባ ጆሮ ፍጹም ጤነኛ ነው፤ የዋሸው ልጁ ሁዘይፋ ነው" ተብሎ ይነበብ። ይህ እርማት ዛሬ ከምሳ በኋላ አባባ፣ እማማና ጋሽ ወልደማርያም በተገኙበት ጮክ ተብሎ ተነቧል። አባባም "አትጩህ፣ እሰማለሁ" ብሏል።