በበዓለ ሃምሳ የምበላው ሽሮ

ልጄ ዮርዳኖስ፣ በሰው አገር ወጥተሽ መግባትሽን አምላክ ይባርክልሽ። አባትሽን ከቀበርን ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብኛል፤ በተረፈ ደህና ነኝ።

በየካቲት መጨረሻ ደሜ ሲመረመር ኮሌስትሮል በዝቷል ተባልሁ። ሐኪሟ «ኪኒን ሳንጀምር ሦስት ወር በምግብ እንሞክር» አለችኝ። ሁዳዴ ስለነበር አልከበደኝም። ከፋሲካ በኋላም ቅቤና ሥጋ ትቼ በሽሮና በምስር ቀጠልሁ። ጎረቤታችን እትዬ ጽጌ ይህን አይተው «በበዓለ ሃምሳ ጾም አለ እንዴ? ከቤተ ክርስቲያን ልትበልጪ ነው?» ብለው ጮኹብኝ። ደንግጬ የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። «የሐኪም ትእዛዝ ነው እንጂ ጾም አይደለም። ጾም እንዳይመስል በጠዋት ብዪው» ብለው ሳቁ። አሁን በጠዋት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። እትዬ ጽጌም እያጉረመረሙ ይጎርሱልኛል።

የሚገርመኝ ግን፣ ሐኪሟ ሰውነት ራሱም ኮሌስትሮል ይሠራል አለችኝ። ታዲያ ከምግቡ የመጣው የትኛው ነው? ሰውነቴ የሠራውስ? ሥራ ይዤ እንኳ ይህንኑ አስባለሁ።

በሰኔ መግቢያ ድጋሚ እመረመራለሁ። ካልወረደ ኪኒኑን እውጣለሁ፣ አልከራከርም። አባትሽ ደረቱን እያሸ «ቃር ነው» ሲለኝ አምኜው፣ ሳይመረመር ሄደብኝ።

ኮሌስትሮሉ በዘርም ይመጣል ብላኛለች ሐኪሟ። እባክሽ ልጄ፣ አንቺም ተመርመሪ። ምንም ቢሉሽ እንዳትደብቂኝ፤ ከመስማቱ ይልቅ አለማወቁ ነው የጎዳኝ። እመቤቴ በክንፏ ትጋርድሽ፣ ዕድሜሽን ከእኔ ታስረዝመው።

እናትሽ ብዙነሽ፣ ከሸዋ ሮቢት