ከመስተዋቱ የወጣው ካርታ

ንዳሃፋ፣

ሳሎን የሰቀልሽውን የጀርመኖች ቅኝ ግዛት ዘመን ካርታ ከፍሬሙ አውጥቼ ወስጄዋለሁ። መስተዋቱ ተሰበረብኝ፤ በባዶ እግርሽ እንዳትረግጪው። ይቅርታ።

አያቴ የኖረበት መሬት የዛሬ ባለቤት "እዚህ ሄሬሮ የሚባል ሕዝብ ኖሮ አያውቅም" ብሎኛል። ካርታው ላይ ግን የአያቴ የውሃ ጉድጓድ ከነስሙ አለ። አያቴ የተቀበረው ከጎኑ ነው። አጥሩን የሚከፍትልኝ ደግሞ ዛሬ ብቻ ነው።

ቅሉ ውስጥ ያለውን እርጎ ጠጪው፣ ይበላሻል።

አብሬሽ እሄዳለሁ ብለሽ ነበር። ጠዋት ስቀሰቅስሽ ግን "ለአንድ አሮጌ ጉድጓድ ብለሽ ነው?" አልሽና ተከናነብሽ።



እኛ ሄሬሮዎች መቃብር ስንደርስ ድንጋይ አስቀምጠን ስማችንን ለሟቹ እንነግራለን። ለሁለታችንም ለቅሜ ነበር።

ይህን ወረቀት የተጫነው ድንጋይ ያንቺው ነው።

ኤልፍሪዴ