የተቆለፈው የአባባ ቪዲዮ

ውድ ወንድሜ ብሎን፣

ትናንት ደውለህ «እትዬ፣ አየሁት» ካልከኝ ጀምሮ ቤቱ የሰፋ መስሎኛል። ዛሬ ጠዋት መስኮቱን ከፍቼ፣ ወንበሬን አስጠግቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። በስልክ የማይባል ነገር ስላለኝ ነው። በልጅነትህ ያገኘኸውን ብሎን ሁሉ እየፈታህ ይህን ስም ያወጣንልህ እኛ ነን፤ ዛሬም በሌላ ስም ልጠራህ እጄ እምቢ አለኝ።

አባባ ደንበኛ ፊት «እጅህ ለሰዓት ሥራ አልተፈጠረም» ካለህ ቀን በኋላ ሱቁን ጥለህ ሄድክ። ቆይቶ እሱ በቴሌቪዥን ሲቀርብ አንተ አላየኸውም። ሰዎች «አባትህ አነሳህ» አሉህ፣ ምን ብሎ እንደሆነ ግን አልጠየቅክም። ያን ቃል በአደባባይ የደገመው መስሎህ ነበር። እኔ ልነግርህ ስሞክር «አንቺ ማስታረቅ ትወጃለሽ፣ ከራሱ አፍ ካልሰማሁ አላምንም» አልከኝ። እሱም ሞተ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ባለፈው ወር ጣቢያው የድሮ ዝግጅቶቹን በራሱ መተግበሪያ ላይ ሲያወጣ የአባባን አገኘሁትና አወረድኩት። ሳምንት ሳይሞላ ከመተግበሪያው ላይ አነሱት። ስልኬ ላይ የቀረው ቅጂም ከወረደ ወር ሲሞላው እንደሚጠፋ ከሥሩ ተጽፏል። ፋይሉን ወደ ፍላሽ ገልብጬ ወደ አንተ ከተማ በሚመላለሰው ሹፌር እጅ ላክሁልህ። በማግስቱ ደወልክ።

«እትዬ፣ ምንድነው የላክሽልኝ? ጥቁር ነው።»

«ድምፁስ?»

«ድምፅም የለው። ዕድሜሽን ሙሉ መልሱን ከተማሪ ስትደብቂ ኖረሽ ለምዶብሽ ነው አይደል?»

ቀልድ አስመሰልከው፤ እኔ ግን ስትቆጣ የምትቀልደውን ቀልድ አውቀዋለሁ። አንዱን ስልክ ከሌላው አስጠግቼ ላሰማህ ስል «ተይው፣ ፊቱን ሳላይ አልሰማም» ብለህ ዘጋኸው። ይዤልህ ልምጣ ስልህም «አትምጪ» አልክ።

ያን ቀን ምሳ አልበላልኝ አለ። ፋይሉ እስኪጠፋ የቀረው ጊዜ አጭር ነበር። አንተ ደግሞ ደበቀችኝ ብለህ ከደመደምክ ሁለተኛ ስልኬን እንደማታነሳ አውቃለሁ።

እንደ ድሮው ቤተ ሙከራ አደረግሁት፤ አንዱን ትለውጣለህ፣ ሌላውን እንዳለ ትተዋለህ። በሹፌሩ እጅ የመለስከው ፍላሽ ላይ ሌላ ቪዲዮ ጫንኩ፣ ሠራ። ስለዚህ ፍላሹ ደህና ነው። የፋይሉን መጠን ስልኬ ላይ ካለው ጋር አመሳከርኩ፣ እኩል ነው። ስለዚህ በመንገድ አልተቆረጠም። ኮምፒውተሬ ላይ በሌላ ማጫወቻ ከፈትኩት፣ እምቢ አለ። ስልኬን ከኢንተርኔት አላቅቄ በመተግበሪያው ከፈትኩት፤ አባባ ጉሮሮውን ጠርጎ መናገር ጀመረ። እዚያ ላይ ቁጭ አልኩ። ያው ፋይል እኔ ጋ ይናገራል፣ ሌላ ቦታ ዲዳ ነው።

ስልክ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። ያ ሁሉን ሰው «የኔታ» የሚለው ወፍራሙ ሰውዬ፣ እኔን ብቻ ነው ቲቸር የሚለኝ።

«ቲቸር፣ አልተበላሸም፣ ታስሯል» አለኝ።

«ማን አሰረው?»

«ባለቤቱ ነዋ። ከወረደበት ስልክ ሌላ ቦታ እንዳይጫወት አድርገው ነው የሚሰጡዎት። ቁልፉ አፑ ሆድ ውስጥ ነው። ልፈልቅቅልዎት? ሰው ሁሉ ያስፈለቅቀኛል።»

«ባለቤቱን ሳልጠይቅ የሰው በር አልሰብርም።»

«እንግዲያው በር ላይ ሲቆሙ ብርድ እንዳይመታዎት» ብሎ ሳቀብኝ።

ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። የድሮ ዝግጅቶች ክፍል ውስጥ የተቀመጠችው ሴት ቀና ሳትል «መተግበሪያውን አጥፍተው እንደገና ይጫኑት» አለች። ሹፌሩም፣ ጎረቤቴም ይህንኑ ነግረውኝ ነበር። አላደረግሁትም። የማይመለስ ሙከራ የሚሠራው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

«እሱን ባጠፋው ቪዲዮውም አብሮ ይሄዳል» አልኳት። «እናንተ ደግሞ አንስታችሁታል። በምን እመልሰዋለሁ?»

ያኔ ቀና አለች። «የትኛው ነው?»

«የሰዓት ሠሪው። አባቴ ነው።»

«እርስዎ ጋ እየሠራ ታዲያ ምን ጎደለዎት?»

«የተናገረው ስለ ወንድሜ ነው። እሱ ደግሞ አላየውም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኛ የቆለፍነው ሰው እያወረደ እንዳይቸበችበው ነው፤ ከልጁ ልንደብቀው አይደለም» አለችና ተነስታ ወደ አለቃዋ ገባች። ስትመለስ ያልተቆለፈ ቅጂ እንዲሰጠኝ ተፈቅዶ ነበር። ያን ጊዜ ወንበር ጠየቅኳት። ውሃም ጨመረችልኝ።

ያለ ሙከራ አልላክሁትም። እዚያው በእሷ ኮምፒውተር፣ ቤቴ በእኔ፣ ከዚያ ጠጋኙ ሱቅ አየሁት። ጠጋኙ መበየጃውን ነቅሎ እስከ መጨረሻው አብሮኝ አየ።

«ልጁ አሁን ምን ይሠራል?» አለኝ።

«ሊፍት ይጠግናል።»

«ያው ሰዓት ነው፤ ሰው ስለሚገባበት ነው ትልቅ የሆነው።»

አሁን አንተም ሰምተኸዋል። ቃሉን የምጽፈው ለራሴ ነው፤ መጻፍ ስለሚያስደስተኝ። «ወንድ ልጄ እጁ ከእኔ ይፈጥናል። እኔ አርጅቼ የደረስኩበትን እሱ ሳይጠይቀኝ ያውቀዋል። አናደደኝ። እጅህ ለዚህ አልተፈጠረም አልኩት፤ ቅናት ነበር።» ከዚያ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህን ላንተ ለመንገር ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ እንደዘጋሁ ብታውቅ። በእኔ አፍ ሲሆን ማጽናኛ ይመስላል። በእሱ አፍ ግን እንዳለ እውነት ነው።

ትናንት መስመሩ ከመቋረጡ በፊት «ስላንቺስ ለምን ምንም አላለም?» አልከኝ። ያዘንክልኝ ይመስለኛል። አትዘንልኝ።

የቴሌቪዥን ሰዎቹ አባባን ሊቀርጹ የመጡ ቀን እኔ ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። የመብራታቸው ማቆሚያ እግሩ ተሰብሮ ተቸግረው ቆሙ። አባባ ከጠረጴዛው ሳይነሳ «ለልጄ ስጧት፣ እሷ አትነቃነቅም» አላቸው። ካሜራው ገና አልተከፈተም ነበር። ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ መብራቱን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ያዝኩለት። ስለ አንተ ሲናገር ግን ተነቃነቅሁ። እንደገና ስታየው ልብ በል፤ «ቅናት ነበር» ሲል እጁ ላይ ያለው ብርሃን ትንሽ ይርገበገባል። እኔ ነኝ።

ደህና ሁንልኝ።

እህትህ