የተዋስኩት ሶፋ

ማክሰኞ፣ በወሩ አሥራ አራተኛው ቀን

አክስትሽ ቤት ላለሽው፣ ለእልኸኛዋ ልጄ፤

ሰባ ሦስት ዓመቴን ይዣለሁ። ውኃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ እስከ እኩለ ቀን የአንድ ጥንድ ጫማ ሶል እለውጣለሁ። ድሮ አራት ጥንድ ነበር። ቢሆንም የእኔ ስፌት አይፈታም። ስለዚህ «አባዬን ማን ያየዋል» የሚለውን ሐሳብ ከሆድሽ አውጪው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር። «አባዬ፣ ደህና ነህ?» ስትይኝ «ደህና ነኝ» ብዬ ዘጋሁት። አፌ እንቢ ሲለኝ፣ እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ባስቆጠረችኝ ፊደል ልጻፈው አልኩ። ይኸው ሦስተኛ ቀኔ። መስመሩ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

እሑድ የፊዚክስ አስተማሪሽ ሣጥኔ ድረስ መጣ። ጫማ ሊያሠራ መስሎኝ እግሩን አየሁ። ጫማው አዲስ ነው።

«አባባ፣ ልጅዎ ምን እንደመረጠች ያውቃሉ?»

«ሕክምና ነዋ! ሌላ ምን ትመርጣለች?»

«የዘጠኝ ወር የገንዘብ ተቀባይ ሥልጠና ነው የሞላችው። እኔ ሳስተምር እንደሷ ያመጣ ተማሪ የለም። እሷ ሱፐርማርኬት ልትቀመጥ ነው።»

«ልጄን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ሂድ ከፊቴ!» አልኩት። ሄደ። ሚስማር እመታለሁ ብዬ አውራ ጣቴን መታሁት።

ወዲያው ለአክስትሽ ደወልኩ። «ነፃ ማደሪያና ምግብ ከለከሉኝ፣ ኮታው ሞልቶ ነው መሰለኝ። የጫማ ሰፊ ልጅ ስድስት ዓመት ቁጭ ብላ አትማርም» ብለሻታል አሉ።

ልጄ፣ ኮታው አልሞላም። ያስከለከልኩሽ እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር አንቺ ከሄድሽ በኋላ፣ የቤታችንን ሁኔታ የምታይ ሠራተኛ ከሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ነገ ትመጣለች ተባልኩ። ሰው እንግዳ ሲመጣበት ቤቱን ያሰናዳል። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄጄ ሶፋውንና ቴሌቪዥኑን ለአንድ ቀን አውሰኝ አልኩት። «ሽማግሌው፣ ሚስት ልታገባ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ያም ሆኖ ተሸክመን አመጣነው። ሶፋው ቦታ ሲያጣ አልጋዬን ገልብጠን ግድግዳው ላይ አቆምነው።

ሠራተኛዋ ልጅ እግር ናት፣ ጨዋ።

«አባባ፣ ቴሌቪዥኑ የርስዎ ነው?»

«ታዲያ የማን ሊሆን ነው?»

«ሥራዎስ?»

«የራሴ ድርጅት አለኝ። የጫማ።»

አንድ ሣጥንና አንድ ጃንጥላ! ድርጅት አልኳት።

«ለልጅዎ ትምህርት እርዳታ ያስፈልግዎታል?» ብላ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳች። አሁን ሳስበው «አዎ» እንድል በዓይኗ ትለምነኝ ነበር።

«በዚህ ቤት ለምኖ የበላ የለም» አልኳት። ጻፈችው። እኔም ፈረምኩ። ደረቴን ነፍቼ እስከ በር ሸኘኋት።

ጨዋ ቤት መሆናችንን የሚመረምሩ መስሎኝ ነበር። ድሃ መባል ለልጅ የሚጠቅምበት ቀን ይመጣል ብሎ ማን ነገረኝ?

እናትሽ ስትታመም አሥር ዓመትሽ ነበር። ሐኪሟ የምትናገረውን ሁሉ የሒሳብ ደብተርሽ ጀርባ ላይ ትጽፊ ነበር። እኔ ሳለቅስ አንቺ «መድኃኒቱ ስንት ሰዓት ላይ ነው ያለችው?» እያልሽ ትጠይቂኝ ነበር። ያቺን ልጅ ነው በአንድ ፊርማ ያጠፋሁት።

ገንዘብ መቀበል ነውር አይደለም። ወደሽ መርጠሽው ቢሆን ሣጥኔን ተሸክሜ መጥቼ ሱቅሽ ደጃፍ እቀመጥ ነበር። ግን ወደሽ አይደለም። የእኔን ኪስ አይተሽ፣ የእኔን ዕድሜ ቆጥረሽ ነው።

እባክሽ። ይህን ቃል ለማንም ጽፌ አላውቅም። ምርጫ መቀየር የሚቻለው እስከ ሃያ ነው፤ ስድስት ቀን ቀርቶሻል። ነገ ማለዳ ደብዳቤውን የአውቶቡሱ ሾፌር ያደርስልሻል። አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነሺና ልትቀይሪው ሂጂ። እርዳታውን ይመልሱልሽ አይመልሱልሽ አላውቅም፤ እንዳልዋሽሽ። አንቺ ግን ሕክምና ብለሽ ሙዪ። እባክሽ ልጄ፣ እባክሽ።

የነካሽው ይባረክልሽ፤ የሄድሽበት ደጅ ሁሉ ይከፈትልሽ። የእኔ ጥፋት ካንቺ ላይ ይነሳ።

አባትሽ

እንዳልረሳው፤ የዚህ ቤት ዕዳ የኔ ነው፣ አንቺ እጅሽን እንዳታስገቢ። የአስተማሪሽ ይቅርታ አለብኝ፤ ዛሬ ከሰዓት ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ሶፋው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው ያዋሰኝ፤ የእሱም እውነት አለብኝ፣ ማታ እነግረዋለሁ፤ ይሳቅብኝ። የዚያች ሠራተኛ ዕዳ ደግሞ አለብኝ። ነገ ቢሮው ሳይከፈት ሰልፍ እይዛለሁ። ተራዬ ሲደርስ፣ ጫማቸውን የምሰፋላቸው ሰዎች ሁሉ እየሰሙ፣ «ዋሽቼሻለሁ፤ ድሃ ነኝ፣ ጻፊው» እላታለሁ።