የማዳም ኦዲል አተላ

ጥቅምት 4፣ ጠዋት 3፡00
ገጽ ስድስት። አሁንም ሽታ። ያለፈው ወይን እርጥብ ውሻ ይሸታል ተብሎ ተመስግኗል፤ ይሄኛው በረት። ደብተሬ፣ ሰዎቹ ጤነኞች ናቸው? ዡራ በሚባል የፈረንሳይ ገጠር የሚኖሩ ጥቂት የወይን ገበሬዎች ናቸው። ማሳቸው ትንሽ። መድኃኒት አይረጩም፣ ሲጠምቁ ምንም አይጨምሩም፣ አያጠልሉም። እዚህ ኮልፌ መጋዘን ያላቸው ጋሽ ምትኩ ወይናቸውን በበርሜል አስመጥተው ሊያሽጉ ነው፤ መግለጫውን አማርኛ አድርጊ ብለው ሰጡኝ። ለእኔ፣ ወይን በአፏ ዞሮ ለማያውቅ የጴንጤ ልጅ። እማዬ ወዲያ ክፍል ትጸልያለች፣ ነፋሱ ከቆሼ ቆሻሻ ክምር በኩል ይመጣል፣ እኔ «የበረት መዓዛ» እያልኩ እጽፋለሁ።

ከሰዓት
ከገበሬዎቹ የአንዷ፣ የማዳም ኦዲል ገጽ። ስለ አተላ ሙሉ አንቀጽ! አታጥልሉት፣ ወይኑን የሚያኖረው እሱ ነው፣ ሽታው ሲናፈስ ይጠፋል ትላለች። ሰው አተላ ጠጡ ተብሎ ይመከራል? ኤጭ። ዘለልኩት። ማን ሊያውቅ።

ጥቅምት 9
አንድ ቃል አስቸግሮኝ ለማዳም ኦዲል ደወልኩ። አሮጊት ናት። ባሏ ሞቷል፤ ብቻዋን በፈረስ ታርሳለች። ሁለት ዓመት ውርጭ ወይኗን በልቶባት የአምናው ብቻ ተርፎላታል፤ ግማሹ ወደ እኛ መጣ። የአተላውን ነገር ጽፈሽልኛል አይደል ብላ ጠየቀች። አዎ አልኳት። እንዲህ በቀላሉ። አመሰገነችኝ ደግሞ።

ጥቅምት 15፣ 10፡00
ከጋሽ ምትኩ መጋዘን አሁን ገባሁ። እጄን ሦስቴ ታጠብኩ። ሁለት ሴቶች የማዳም ኦዲልን ወይን እንደ ጠጅ በነጠላ ያጠልላሉ። አተላው በባልዲ ወደ ቦይ። ጋሽ ምትኩ እጅጌያቸውን ሰብስበው ስኳር ይበጠብጣሉ፤ ለጥር ሰርግ ጣፋጭ ነው የሚሄደው አሉኝ፣ እንግዳ ፊት ድፍርስ አይቀርብም አሉኝ። ደስ ብሏቸዋል! ጠርሙሱ ላይ የእኔ አማርኛ ተለጥፏል፦ ምንም ያልተጨመረበት፣ ምንም ያልተወሰደበት። አታጥልሉ ብላለች እኮ አልኩ። ወረቀቴን ከኪሳቸው አወጡ።
«የቱ ጋ ነው የሚለው? አሳዪኝ ልጄ፣ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።»
የተዘረጋው ወረቀት ላይ የለም።

ጥቅምት 16፣ ጠዋት
እስከ ትናንት የተጸየፍኩት ወይኑን ነበር። ከበረት ሽታ የሚብሰው የእኔ «አዎ» ነው። ያን አንቀጽ ተርጉሜ ለጋሽ ምትኩ ላክሁ። መለሱ፦ አሁን ምን ያደርጋል፣ የቀሩት ስድስት በርሜሎች ነገ ይከፈታሉ፣ የጠርሙሱ ጽሑፍም እንዳለ ይለጠፋል፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሲዋሹ እንኳ ልጄ ይላሉ። እኔስ? እማዬ ፊትሽ ምን ሆነ አለችኝ። ነገርኳት። የጸሎት መሐረቧን እያጠፈች፣ በወይን ጉዳይ አልገባም፣ ዋሽተሽ ከሆነ ግን ለዋሸሻት ሴትዮ ንገሪ ብላ ወጣች።

5፡30
ስድስቱ ገና አልተነኩም። ዛሬ ካወቀች ለጋሽ ምትኩ ደውላ ታስቆማቸዋለች። ጋሽ ምትኩ ሁለተኛ ሥራ አይሰጡኝም፤ ይቅር። ደወልኩ። ይጠራል። እስክታነሳ እየጻፍኩ ነው። አነሳች። ከኋላዋ ፈረሱ ይሰማል። የእኔ ወይን ደህና ገባ ወይ ትለኛለች። ማዳም፣ ያን አንቀጽ እኔ ነኝ የዘለልኩት አልኳት።